ቢሊሩቢኔ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ደስ ይበለኝ?

የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ከቁጥር ጎን ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ስታዩ ምን እንደሚሰማችሁ አውቃለሁ። የእኔዋ የተቀመጠችው «ቶታል ቢሊሩቢን» ከሚለው መስመር ላይ ነው፤ ጉበት ከደም ላይ የሚያስወግደው ቢጫ ነገር ነው። 2.1 ይላል። ጤናማ የሚባለው እስከ 1.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ድረስ ነው። መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኛው ባመቻቸው ምርመራ ላይ ነው የወጣው። ስኳሬንና ኮሌስትሮሌን ልሰማ ሄጄ የጉበት ሰው ሆኜ ተመለስኩ።

እዚህ ሀዋሳ «ጉበት» ከተባለ ወሬው ሌላ ነው። በሄፓታይተስ ቢ ዘመዱን ወይም ጎረቤቱን ያጣ ሰው ብዙ ነው። ደም ሊለግስ ሄዶ ቫይረሱ እንዳለበት የተነገረውም እንደዚሁ። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ወረቀቴን ያየ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አንዱ ጓደኛዬ ማኪያቶ ጋብዞኝ ብርጭቆዬን ከሱ ብርጭቆ ቀስ አድርጎ ሲያርቅ አየሁት። አልተቀየምኩትም። (ለማንኛውም ሄፓታይተስ ቢ በብርጭቆ አይተላለፍም።)

እናቴ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አታውቅም። «የወፍ በሽታ ነው!» አለች፤ ገና ዓይኔን ገልጣ ሳታይ። ለእሷ ዓይን ቢጫ ከሆነ ምክንያቱ አንድ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ቅጠል ወቅጠው የሚሰጡ አንድ አባት አሉ። «ነገ በጠዋት፣ እህል ሳትቀምስ እንሄዳለን» ብላ ወሰነች። በባህል መድኃኒት ላይ ቂም የለኝም። ግን መጠኑ ያልታወቀ ቅጠል ደህናውን ጉበት ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ስንት ተባብለን በመጨረሻ «እሺ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ» አለች።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ከእናቴ ብዙም አልተሻለም። ወረቀቱን አየት አድርገው «ጉበትህ ተቆጥቷል» አሉኝ። የእኛ አገር ሆድ ዕቃ መቼም ቁጡ ነው። ጨጓራው ይቆጣል፣ አንጀቱ ይቆጣል፣ ጉበቱም ተራውን ጠብቆ ይቆጣል። የጉበት ቫይታሚን ነው የተባለ ውድ እንክብል ታዘዘልኝ። ቅቤ፣ ጥሬ ሥጋና እንቁላል ተከለከልኩ። ጉበቴን ምን እንዳስቆጣው የጠየቀ ግን የለም።

ሁለተኛው ሐኪም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናቸው። እሳቸው ወረቀቱን አስቀምጠው እኔን ጠየቁኝ። ሽንትህ ኮካ መስሏል? አልመሰለም። ሰገራህ ነጥቷል? ኧረ አልነጣም። ያሳክክሃል? በቅርቡ ወባ ይዞህ ነበር? የምትወስደው መድኃኒት አለ? ከዚያ ቀሪውን ምርመራ አዘዙ። ከሄፓታይተስ ቢና ሲ ነጻ ሆንኩ። ኤኤልቲና ኤኤስቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞች ደህና ናቸው። የደም ቆጠራውም ደህና ነው፤ ማለትም ቀይ የደም ሴሎቼ ያለ ጊዜያቸው የሚፈርሱ አይመስልም። ከ2.1ዱ ውስጥ «ዳይሬክት» የሚባለው 0.4 ብቻ ነው። የተረፈው በሙሉ «ኢንዳይሬክት» ነው፤ ጉበት ገና ያልነካው ማለት ነው። ሰንበትበት ብሎ ተደገመ፤ ያው ነው።

«ጊልበርት ሲንድረም ይባላል» አሉኝ። «ስሙ ያስፈራል እንጂ በሽታ አትበለው። መድኃኒት የለውም፣ አያስፈልገውምም። ቅቤህን ብላ።» ልወጣ ስል ደግሞ «እንዲያውም ለደም ሥር ጥሩ ነው የሚሉ አሉ» ብለው ፈገግ አሉ። ይቺን ይዤ ነው ማታ ማታ ማንበብ የጀመርኩት።

መጀመሪያ ቢሊሩቢን ራሱ ምንድን ነው? ቀይ የደም ሴል ዕድሜው ወደ 120 ቀን ነው። ሲያረጅ በአብዛኛው ጣፊያና ጉበት ውስጥ ይፈርሳል። ደምን ቀይ ከሚያደርገው ሄሞግሎቢን ውስጥ ሄም የሚባለው ክፍል ይወጣና ብረቱ ተለይቶ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። የቀረው ቅሪት መጀመሪያ ቢሊቨርዲን የሚባል አረንጓዴ ነገር ይሆናል። ቀጥሎ ወደ ቢጫው ቢሊሩቢን ይለወጣል።

ይህን በገዛ ክንዴ ላይ አየሁት። ደም የቀዳችኝ ልጅ ሥሬ ጠፍቶባት ወጋ ወጋ አድርጋኝ ስለነበር የክርኔ ውስጠኛው በኩል ደም ቋጠረ። መጀመሪያ ወይን ጠጅ ነበር። ቆይቶ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ አረንጓዴው ወደ መሃል እየገባ፣ ዳሩ ቢጫ እያለ ሄደና ጠፋ። ቆዳዬ ጠቆር ስለሚል መስኮት ጋ ቆሜ ክንዴን ካላዞርኩት በቀር አይለይም። ቢሊሩቢን ሊለካበት የተወጋ ክንድ ቢሊሩቢን ሲሠራ ማየት ግን ደስ ይላል።

ይህ ቢጫ ነገር ውሃ ውስጥ አይሟሟም። አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ነው ተሸክሞ ጉበት የሚያደርሰው። እዚያ ዩጂቲ1ኤ1 የሚባል ኢንዛይም እንዲሟሟ አድርጎ ወደ ሐሞት ይልከዋል። አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ይቀበሉታል። ሰገራ ቡናማ፣ ሽንት ቢጫ የሚሆነው በዚሁ ትራፊ ነው። ሽንትን ቢጫ ለሚያደርገው ነገር መነሻ የሆነው የባክቴሪያ ኢንዛይም ተለይቶ የታወቀው ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ከተመለሰ ከ50 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው።

የእኔ ዩጂቲ1ኤ1 ሰነፍ ነው። ጊልበርት ያለበት ሰው ላይ ይህ ኢንዛይም የሚሠራው ከተለመደው አቅሙ 30 በመቶ ገደማ ነው። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1901 የጻፉት ኦጉስተን ጊልበርትና ፒየር ለሬቡሌ የሚባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ናቸው። ከ100 ሰው ከ3 እስከ 10 የሚሆነው አለበት ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ይህን ከምታነቡት መካከል ሳያውቀው የሚኖር አይጠፋም። እናቴ ይህን ስነግራት «ከአባትህ ወገን ነው» አለች። በተለመደው አወራረሱ ከሁለቱም ወላጅ ነው የሚመጣው። ይህን ስነግራት ግን ወጡን ልታማስል ተነሳች።

አሁን ወደ ደም ሥሩ እንምጣ።

ቢሊሩቢን ለረጅም ጊዜ የሚታየው እንደ ጥራጊ ነበር። ሰውነት ሊያስወግደው የሚታገል፣ ሲበዛ ደግሞ መርዝ የሚሆን። እ.ኤ.አ. በ1987 ሮላንድ ስቶከርና ብሩስ ኤምስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ሌላ ነገር ይዘው መጡ። ቢሊሩቢን ጠንካራ አንቲኦክሲዳንት ሊሆን ይችላል አሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ኦክስጅን አነስ ባለበት ሁኔታ፣ ስብን ከመበላሸት ሲጠብቅ ታይቷል።

ይህ ለደም ሥር ለምን አስፈለገ? «መጥፎው ኮሌስትሮል» የምንለው ኤልዲኤል የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ይበላሻል፤ ሳይነጠር እንደቆየ ቅቤ ይሻግታል በሉት። ሰውነት የተበላሸውን ኤልዲኤል እንደ ባዕድ ያየዋል። ነጭ የደም ሴሎች ሊበሉት ይመጣሉ፤ በልተው እዚያው ይቀራሉ። እየተከመረ የደም ሥሩ ይጠብባል። ክምሩ አንድ ቀን ሲቀደድ ደም ይረጋበታል፤ የልብ ድንገተኛ ሕመም የምንለው ነገር በአብዛኛው የሚመጣው በዚህ ነው። ቢሊሩቢን ይህን መበላሸት ያዘገያል፣ ነጭ የደም ሴሎቹም ግድግዳው ላይ እንዳይጣበቁ ያግዛል ነው የሚባለው። በቤተ ሙከራ ደረጃ ነገሩ ያሳምናል።

ከዚያ ሰው ላይ መቁጠር ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1994 ከአሜሪካ አየር ኃይል ሰዎች የተገኘ መረጃ ቢሊሩቢናቸው ዝቅ ያሉት የልብ ደም ሥር በሽታ እንደሚበዛባቸው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2002 ቼካውያን ተመራማሪዎች ጊልበርት ያለባቸውን ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች አዩ። የልብ ደም ሥር በሽታ የተገኘባቸው 2 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው፤ በሌላው ሕዝብ ግን 12 በመቶ ገደማ ነበር። ትልቁ ዜና የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አሜሪካ ፍራሚንግሃም ውስጥ ወደ 1,800 የሚጠጉ ሰዎች ለ24 ዓመታት ያህል ክትትል ተደርጎላቸዋል። የእኔ ዓይነቱን ዘረመል ከሁለቱም ወላጅ የወረሱት በልብና ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው የሌላው ሲሶ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

ሲሶ! ይህን ያነበብኩ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ እራት ላይ ጥብሱን ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። ባለቤቴ ዝም ብላ አየችኝ።

ደግነቱ ማንበቤን አላቆምኩም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኮፐንሃገን የወጣው ጥናት ነገሩን ቀዘቀዘው። ዴንማርኮቹ ሰዎችን በአሥር ሺዎች ይዘው ነው የተነሱት። ጥያቄያቸው ብልህ ነው። ቢሊሩቢን ራሱ ልብን የሚጠብቅ ከሆነ፣ በዘር ምክንያት ዕድሜ ልካቸውን ከፍ ያለ ቢሊሩቢን ይዘው የሚኖሩ ሰዎች በልብ በሽታ ማነስ አለባቸው። ዘረመል ሲወለዱ የሚደርስ ዕጣ ነው፤ ሲጋራ ያጭሱ አያጭሱ፣ ይወፍሩ አይወፍሩ አይጠይቅም። አዩት። አላነሱም። ቢሊሩቢናቸው ከፍ ብሏል፤ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ግን ከሌላው ጋር ያው ነው።

ታዲያ የቀደሙት ጥናቶች ያዩት ምንድን ነው? ለእኔ የሚያሳምነኝ ይህ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢሊሩቢኑ ዝቅ ይላል። ውፍረትና ሰውነት ውስጥ የሚቆይ ብግነትም ከዝቅተኛ ቢሊሩቢን ጋር አብረው ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ራሳቸው ልብን ይጎዳሉ። እንግዲህ ዝቅ ያለው ቢሊሩቢን ገዳዩ ላይሆን ይችላል፤ ገዳዩ ባለበት የሚገኝ ምስክር ነው። ከፍ ያለውም እንዲሁ ጠባቂ ሳይሆን የደህና ኑሮ ምልክት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የእንግሊዞች ጥናት ደግሞ ወደ 7,700 የሚጠጉ ጎልማሳ ወንዶችን አይቶ በጣም ዝቅ ያለውም በጣም ከፍ ያለውም ጥሩ እንዳልሆነ፣ የሚሻለው መሃሉ እንደሆነ አሳይቷል።

ግን ፋይሉን ዘግቼ አልጨረስኩም፤ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። አታዛናቪር የሚባል የኤችአይቪ መድኃኒት አለ፤ እኛም አገር የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራ ላላቸው ይሰጣል። ከሚወስዱት አንዳንዶቹ ዓይናቸው ቢጫ ይላል፤ መድኃኒቱ ያንኑ የእኔን ሰነፍ ኢንዛይም ስለሚያግደው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህን ተጠቅመው ዓይነት 2 ስኳር ላለባቸው ጥቂት ሰዎች ለጥቂት ቀናት መድኃኒቱን ሰጧቸው። ቢሊሩቢናቸው ሲወጣ የክንዳቸው ደም ሥር ከበፊቱ በተሻለ መከፈት ቻለ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሰዎቹ ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነው። ቢሆንም ምስክር ብቻ የሆነ ነገር እጁን አስገብቶ ሲሠራ የታየ ይመስላል። ምናልባት ጥቅሙ የሚታየው ደም ሥሩ አስቀድሞ የተጎዳ ሰው ላይ ይሆን? ይህ የእኔ ግምት ነው።

ባለፈው እሑድ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይህን ሳወራ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ጆሮውን አቀና። ግፊት አለበት። «ታዲያ ይህን ነገር የሚጨምር ኪኒን የለም?» አለኝ። የለም አልኩት። የኤችአይቪ መድኃኒት ለዚህ ተብሎ አይወሰድም።

«ያንተ የግፊት ኪኒንስ?» አልኩት።

«አሁን ደህና ነኝ፤ ሲነሳብኝ እውጣለሁ።»

«ሲነሳ በምን ታውቃለህ ጋሼ?»

«ይታወቀኛል። ማጅራቴን ይይዘኛል።»

መለኪያው ቤት ውስጥ ነበር። ክንዱን አሰርነው። 168 በ102። ማጅራቱን ምንም አላለውም፤ እየሳቀ ጎመን በሥጋ እየበላ ነበር። እውነቱን ለመናገር የእኔ 2.1 ጋሼ ኪሱ ውስጥ ረስቶት ከሚዞረው ኪኒን ጋር አይወዳደርም። የግፊት መድኃኒት ስትሮክንና የልብ ሕመምን እንደሚቀንስ ክርክር የለበትም። የእኔ ቢጫ ገና ፍርድ ቤት ነው። ጋሼ ስልኩ ላይ የኪኒን ሰዓት ሞላሁለት። መቼ እንደሚያጠፋው እናያለን።

ለእኛ አገር ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጾም። ጊልበርት ያለበት ሰው ምግብ ሲቀንስ ቢሊሩቢኑ ይወጣል። ድሮ ሐኪሞች ይህን እንደ ምርመራ ይጠቀሙበት ነበር። ሰውየውን ለአንድና ሁለት ቀን በቀን 400 ካሎሪ ብቻ አብልተው ቁጥሩ ሲወጣ ያዩታል። እኛ ምርመራውን በየዓመቱ በነጻ እንወስዳለን። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ፣ በአክፍሎት ጊዜ ደግሞ እህል ውሃ የማይል ሰው ጊልበርት ካለበት በፋሲካ ዋዜማ ዓይኑ ቢጫ ቢል አይገርምም። ረመዳን ለሚጾመውም እንዲሁ ነው። የእኔም ዓይን በጾም መጨረሻ እንደሚደፈርስ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ «ከሲታ ሆነ» እያሉ ያልፉት ነበር እንጂ። ጉንፋን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከባድ ስፖርትም ያወጡታል። ላቦራቶሪ «ምግብ ሳትበላ ና» ሲል ቁጥሩ በዚያው ትንሽ ከፍ ብሎ ሊጠብቅ እንደሚችልም አትርሱ።

ይህ ማለት ግን ዓይኑ ቢጫ ያለ ሁሉ «ጊልበርት ነኝ» ብሎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ጊልበርት የሚባለው ሌላው ሁሉ ታይቶ ከተጣራ በኋላ ነው። ሽንት ከጠቆረ፣ ሰገራ ከነጣ፣ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ካለ፣ ዳይሬክት የሚባለው ቁጥር ከወጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ጊልበርት ያለበት ሰው ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ3 አያልፍም። ደግሞ ኢሪኖቴካን የሚባል የካንሰር መድኃኒት የሚወጣው በዚሁ ኢንዛይም በኩል ስለሆነ ጊልበርት ያለበት ሰው ላይ ሊከብድ ይችላል። ለሐኪም መናገር ያለብኝ ነገር ብዬ ወረቀቱን ከመታወቂያዬ ጋር አጥፌ ይዣለሁ።

ይህን ሁሉ በጥሞና የሰማችኝ ታናሽ እህቴ ነች። ልትወልድ ጥቂት ነው የቀራት። «ለልጄስ ይተላለፋል?» አለችኝ። ሊተላለፍ ይችላል። የሕፃን ግን ሌላ ሒሳብ አለው። አራስ ልጅ ጉበቱ ገና ስላልበሰለ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ቢጫ ይላሉ፣ ያልፋልም። በጣም ከወጣ ግን ያው ልብ ይጠብቃል የተባለው ቢሊሩቢን አንጎል ውስጥ ገብቶ መስማትንና እንቅስቃሴን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ሕክምናው ሰማያዊ መብራት ነው። የመነጨውም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ጂን ዋርድ የተባሉ ነርስ ሕፃናቱን ፀሐይ ሲያሞቁ፣ ፀሐይ ያገኘው የቆዳ ክፍል ቢጫው ሲለቅ ልብ ብለው ነው። የእኛ እናቶች የጠዋት ፀሐይ ግን መብራቱን አይተካም፤ ቢጫ የሆነ ልጅ ይዞ በረንዳ ላይ ቀን መቁጠር አያዋጣም።

«እና ስንት ሲሆን ነው የሚያስፈራው?» አለች ስልኳን አውጥታ።

እንደ ትልቅ ሰው አንድ ቁጥር የለውም፤ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ባለፉት ሰዓታት ልክ ነው የሚነበበው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ቢጫ ካለ ግን ያኔውኑ ሐኪም ያየዋል። ዓይኑንና ድዱን በቀን ብርሃን እይው፤ ጡት አልይዝ ካለና እንቅልፍ ካበዛም አትጠብቂ አልኳት። ጻፈችው። ከሥሩ ደግሞ «ለእማዬም መንገር» ብላ ጨመረች።